ሺርዋ ያልኳት

«ከሦስቱ አንዱ ጅብ ነው!» ትል ነበር ፋዱማ ሬዲዮ። ውሃ ስትቀዳ ትለዋለች፤ ዓሣ ስትገዛ ትለዋለች፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ የሟች እናት እንባዋን ሳታብስ፣ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ዘንበል ብላ ትለዋለች። «እዚያ የድንጋይ ቤት ውስጥ ካሉት ከሦስቱ አንዱ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ገላውን በዱላ አሽቶ ጅብ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ በዚያችው ዱላ ይታሽና ሰው ሆኖ ይገባል። የትኛው እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኔ ግን እጠረጥራለሁ።»

ማንን እንደምትጠረጥር አትናገርም። ብትናገር ወሬው ያልቅባታል። በርበራ ውስጥ ቅጽል ስም በከንቱ አይወጣም፤ እሷንም «ሬዲዮ» ያሏት ባትሪ የማትጨርስ፣ መዝጊያ ቁልፍ የሌላት ስለሆነች ነው።

እኔ የዚያ ቤት አራተኛ ነበርኩ። ልጅ ስለሆንኩ ከቁጥር አታስገባኝም። ስሜ ሂባቅ ነው። ያኔ የወተት ጥርሴ መርገፍ ጀምሮ ነበር፤ ምላሴ ግን ሙሉ ነበረች። ጅቡ የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ መርምሬ ደርሼበታለሁ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ቤቱ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳውን ጨው የበላው፣ ሰገነቱ ወደ ውሃው ያዘነበለ አሮጌ ቤት ነው። ባለቤቱ ኤደን ሄዶ ቀርቷል። እመቤቲቱ ወተት ሻጭዋ ሙሚና ነበረች። እኔ ኤዶ እላታለሁ፤ የአባቴ እህት ሆና አይደለም፣ ያሳደገ ሰው ዘመድ ስለሆነ ነው። ትከሻዋ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፣ ወገቧ ወደ ታች ዝቅ ያለ፣ ድምፅዋ ሻካራ ሴት ነበረች። ትከሻዋ እንደዚያ የሆነው የወተት ዕቃ ተሸክማ ነው ብዬ አምን ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይኖቿ ቀልተው፣ የእግሯ ጫማ በአሸዋ ተጨማልቆ ሳገኛት ደግሞ፣ ከገጠር የሚመጡትን ግመሎች ልትቀበል ማልዳ ወጥታ ነው እላለሁ። ልጅ የሚወደውን ሰው አይመረምርም።

ሁለተኛው አዴር ሱብዲ ነበር። ድሮ የጀልባ አለቃ ነበር አሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝም ያለ ሰው ነው። በበርበራ ሙቀት፣ ድንጋይ በሚሰነጠቅበት ቀትር፣ እሱ የተቀመጠበት ምንጣፍ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እጁ ይቀዘቅዛል። ሻሂውን ተቀብሎ ጥቂት ይዞ ይቆይና፣ ሰው ሳያይ ወደ እኔ ይገፋዋል። ወባ ይዞት ነው፣ ሆዱ አይቀበልም ብዬ አዝንለት ነበር። ያለምንም ሐፍረት የእሱን ስኳር የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ሺርዋ ነው። ጅቡ ሺርዋ ነበር።

ማስረጃዬን ስሙኝ። አንደኛ ነገር፣ ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ በሚሄድበት ሙቀት ሺርዋ ከባድ ካልሲ አያወልቅም። ጥፍሩን ለመደበቅ ካልሆነ ለምን? ደግሞ ቢላ አይነካም። ዓሣ እንኳ በእጁ ቦጭቆ ነው የሚበላው፤ አንድ ቀን ምስማር ከእጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲያቃጭል ወንበር ላይ ዘሎ ወጣ። ጅብ የአራጅ ቢላ ይፈራል አልኩ። ከሁሉ በላይ ግን ሳቁ ነው። ሺርዋ ሲስቅ ውሾች ይነሣሉ።

ዛሬ ነገሩ ያስቀኛል። ብረት የሚፈራ ጅብ የት አገር ነው ያለው? ብረት የሚፈራው ጂኒ ነው። ካልሲው ውስጥ የነበረውም ጥፍር አልነበረም፤ የአህያ ኮቴ ነው።

ሺርዋን በባዶ ስሙ ነበር የምጠራው። ያስለመደኝ ራሱ ነው፤ «አዴር አትበይኝ፣ አጎት ሲሉኝ ሪዜ ይሸብታል» እያለ። ሙሚናን ግን በስሟ የጠራኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጭነት መኪና ሹፌሩ ከመንገድ ማዶ «ሙሚና!» ብሎ ሲጣራ ሰምቼ፣ አፌ ውስጥ ጣፈጠኝና እኔም «ሙሚና!» አልኩ። ጆሮዬን ይዛ እያዞረች፦

«ስሜን ለእኩዮቼ ተዪላቸው። ታላቁን በስሙ የሚጠራ ልጅ ያላሳደጉት ነው። አንቺን አላሳደግኩሽም?»

«አሳድገሽኛል፣ ኤዶ።»

«ታዲያ ያደገ ሰው ምን ይላል?»

«ኤዶ ይላል፣ ኤዶ።»

ለቀቀችኝና እዚያው ጆሮዬ ላይ ሳመችኝ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ከአፌ አልወጣም።

የቤቱ ሕግ ደግሞ ይህ ነበር። «እዚህ የገባ ሰው የሚጠየቀው፣ ጠምቶሃል ወይ፣ የት ትተኛለህ ነው» ትል ነበር ኤዶ። «ማን ነበርክ የሚለው ጥያቄ ደጃፍ ላይ ከጫማ ጋር ይቀራል።» በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ «የማን ልጅ ነህ? ቁጠር» ይባላል፤ አባትህን፣ የአባትህን አባት፣ እያልክ እስከ ጎሳህ ራስ ትደርሳለህ። የማይቆጥር ሰው ሰው አይደለም። እነዚህ ሦስቱ የሚቆጥሩት አልነበራቸውም፤ ወይም ቢቆጥሩት ሰሚው ይሮጣል።

ለዚህ ነው በኸሪፍ ወራት ከተማው ሁሉ ወደ ሼክ ተራራ ሲወጣ እነሱ የሚቀሩት። ኸሪፍ ሲመጣ ከበረሃው የሚነሣው ነፋስ አሸዋውን እየገረፈ ቀንና ማታ ይነፍሳል፤ ባሕሩ ይዘጋል፤ ጀልባ አይወጣም። ባለ ዘመድ ሁሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ብርዱ ይሄዳል። ተራራው ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ያው «ቁጠር» ነው። እናም የእኛ ቤት ሰዎች በር እየዘጉ፣ በር እየተከፈተባቸው፣ አሸዋ እየጠረጉ፣ እርስ በርሳቸው እየተናከሱ ይከርሙ ነበር።

ያን ዓመት የተጣሉት በእንጨት ነው። ሙሚና የወተት ዕቃዎቿን የምታጥነው በወይራ ነበር፤ ጭሱ ለወተቱ መዓዛ ይሰጠዋል፣ እንዳይበላሽም ይይዘዋል። ከቀትር በኋላ ባዶውን ቅርጫት ይዛ መጣችና ደፋችው። ቅጠል እንኳ አልወደቀም።

«ወይራዬ የት ሄደ?»

«ትንኝ በላው» አለ ሺርዋ ጋደም እንዳለ።

«ትንኝ እንጨት ይበላል?»

«እኔን ሊበላ ሲመጣ አጨስኩበት። ከእኔና ከእንጨቱ ማን ይሻልሻል?»

«እንጨቱ! እንጨቱ ለወተት መዓዛ ይሰጣል። አንተ ምን ትሰጣለህ? አንዲት ሴት አስጨንቅ ተብለህ ብትላክ አስጨንቃህ የመለሰችህ!»

ሺርዋ ሳቀ፤ ግን ውሾቹ አልተነሡም፣ ሳቁ ትንሽ ነበር። ሚስት ሊያገባ ሄዶ ያልተሳካለት መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው። ኤደን ውስጥ አንዲት የነጋዴ ሚስት ላይ እንዲሰፍር ዘመዶቹ ልከውት ነበር። እንደ ወጉ እሱ በሴትዮዋ አፍ ሽቶ፣ ሐር፣ ወርቅ መጠየቅ ሲገባው፣ እሷ ተከራክራ፣ አልቅሳ፣ ሆዱን አባብታ፣ በመጨረሻ ሽቶውን እሱ ገዝቶላት ወጣ። ጂኒዎች ይህን ሲሰሙ ከወገን ቆረጡት።

አዴር ሱብዲ መሀል ገባ። «ተይው ሙሚና፤ እንጨቱን ነገ እኔ አመጣልሻለሁ።»

«አንተ ደግሞ!» አለችው፤ ነፋሱ በሩን ሲያጋጨው ጮኻ። «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ነገር የምታመጣው? ለዚህ ቤት አንዲት ነገር ስትሠራ አሳየኝ እስቲ! ያን ሁሉ ውሃ ጠጥተህ አንድ ጀሪካን አታመጣልንም!»

ሺርዋ እንኳ ከተጋደመበት ቀና አለ። አዴር ሱብዲ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ከተቀመጠበት እስከ በሩ እርጥብ ዱካው ቀረ። ኤዶ ሙሚና አፏን በእጇ ይዛ ዱካውን ስታይ ቆየች።

እኔ ስንፍናውን የሰደበችው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሞተ ሰው ነበር። በተዘጋ ባሕር፣ ሌሎች መርከበኞች ተው እያሉት፣ «እኔ ሱብዲ ነኝ» ብሎ ከኤደን ተነሣ፤ ጀልባዋ ከነሰዎቿ ሰጠመች። ከሰጠሙት አንዷ እናቴ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ሰው ያተረፈው አንድ ጨርቅ የተጠቀለለች ሕፃን ነው፤ እሷንም ይዞ ከባሕሩ ሲወጣ ራሱ መሞቱን አላስተዋለም። ያን ቀን በሩን የከፈተችለት ሴት «ጠምቶሃል ወይ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም በሕፃኗ ፈንታ «ጠምቷታል» አለ። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም።

በማግስቱ የነቃሁት በጭስ ሽታ ነው። ገና አልነጋም፤ አዛኑ አልተሰማም። ግቢው ውስጥ አዴር ሱብዲ ቁጢጥ ብሎ፣ የወተቱን ዕቃ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ያጥናል። ወንድ ልጅ የወተት ዕቃ ሲያጥን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም።

«አዴር! ሴት ሆንክ እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ምላሰኛ» አለኝ። ፊቱ ላይ ግን የማላውቀው ደስታ ነበር። «ኤዶሽ ስትገባ ተሠርቶ ታግኘው። አንዲት ነገር ሥራ አይደል ያለችኝ?»

«ወይራው አልቋል እኮ።»

«አንዲት ተርፋ ነበር። ከበሩ ኋላ ሰክታታለች።»

ፍሙ ላይ ያለችውን አየኋት። አጭር፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰች፣ እንደ መቁጠሪያ የምታብረቀርቅ ዱላ ነበረች። አብዛኛዋ ዐመድ ሆናለች። ጭሷ ሰማያዊ ነው፤ ሽታዋም የወይራ ብቻ አልነበረም፣ የሰው ላብ፣ የፀጉር፣ የሙሚና አንገት ሽታ ነበረባት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ተኝቼበት ነው ያደግኩት። የሚያጽናና ሽታ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

አዴር ሱብዲ ከሙሚና ጋር ዓመታት ኖሯል። ማታ እንደምትወጣ፣ ምን ሆና እንደምትወጣ ያውቃል። በምን እንደምትመለስ ግን ጠይቋት አያውቅም። በዚያ ቤት አይጠየቅማ።

አዛኑ ሲጀምር በሩ ተቧጠጠ። አዴር ሱብዲ ከፍቶ አየ፤ ወዲያው በብብቴ ይዞ አንሥቶ ውስጠኛው ክፍል ወረወረኝና ከውጭ ቀረቀረው። በሩን ብደበድብ የሚሰማኝ የለም፤ ነፋሱ ከእኔ ይበልጥ ይደበድባል። የተቆራረጠ ነገር ብቻ ሰማሁ። ሺርዋ «ምኑን? ምኑን ነው ያጨስከው?» ብሎ ሲጮኽ። አዴር ሱብዲ «ከበሩ ኋላ… ከበሩ ኋላ…» ሲል። ከዚያ እንደ ሳቅ የጀመረና እንደ ልቅሶ ያለቀ ድምፅ፤ የሰው አልነበረም። ከዚያ ግቢው ውስጥ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ጣራውን አንኳኩቶ ሄደ።

በሩ ሲከፈት ኤዶ የለችም። ሺርዋ የለም። ሺርዋ ሁልጊዜ በሚጋደምበት ጥግ ጅብ ተኝቷል።

«ኤዶስ?»

«ከ… ከወተት ሰዎቹ ጋር ሼክ ወጥታለች» አለ አዴር ሱብዲ። ውሸት አያውቅበትም ነበር፣ ምስኪን።

«ሺርዋስ?»

ጅቡን አየ፣ እኔን አየ።

ሬዲዮ ልክ ነበረች ማለት ነው። ሺርዋ ጅብ ሆኖ ኤዶዬን በልቷታል። ሌላ ምን ይሆናል? ሺርዋ በዚያ አውሎ ነፋስ ላይ ተፈናጥጦ፣ እንዲህ ያለ ዱላ ወደሚቆረጥበት ወደ ማይድ ተራሮች እንደ በረረ ማን ሊነግረኝ? እነሱ ለልጅ አይነገርም ብለው ወሰኑ። እንዳትፈራ፣ ያሳደገቻትን እንዳትጠላ ብለው።

አልፈራሁም። ጠላሁ። መጀመሪያ ከደረጃው ላይ ሆኜ፣ ቀጥሎ ከጓዳው በር፣ በኋላ አፍንጫው ሥር ቆሜ እጮኽበት ጀመር።

«ሺርዋ! ኤዶዬን የት አደረግካት?»

አፌን ስከፍት የጅቧ ጆሮዎች ቀጥ ይላሉ። ትነሣለች፤ የፊት እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይኖቿ ከንፈሬ ላይ ይተከላሉ። «ሺርዋ» ስል ጆሮዎቿ ይወድቃሉ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እፍረት ነው፣ ኃጢአቱን አውቆ ነው አልኩ። በማግስቱም፣ በየማግስቱም ያው ነው። ደክሟት አታውቅም፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ትነሣ ነበር።

ሥጋ ብንሰጣት አትበላም። ባዶውን የወተት ዕቃ አቅፋ ትተኛለች። ፀሐይ ምንጣፌ ላይ ስትወጣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ወደ ጥላው ትስበዋለች፤ ኤዶ እንደዚያ ታደርግ ነበር። ይህን አይቼ የበለጠ ተናደድኩ። «ሺርዋ! የእሷን ሥራ አትሥራ!» አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነፋሱ በበረታበት ቀን፣ ወለሉ ላይ ተደፍቼ «ኤዶ! ኤዶ! ኤዶዬ!» ብዬ አለቀስኩ። ከጥጓ ተነሥታ መጣችና ጭንቅላቷን ጀርባዬ ላይ ጣለች። ከብዶኝ ነበር። ሰው የምትሆን ይመስል መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፤ ሆኖም ምንም አልሆነም። እኔም ገፋኋት።

አዴር ሱብዲ ደግሞ ቀትር ላይ፣ የተኛሁ ሲመስለው፣ አጠገቧ ተንበርክኮ «ሙሚና… ሙሚና…» ይላል፤ ደጋግሞ፣ በሁሉም ዓይነት ድምፅ፣ እንደሚለምን፣ እንደሚያዝ። ለተበላችው ያለቅሳል፣ ገዳይዋ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል አልኩና እሱንም ናቅኩት።

ሬዲዮም በኸሪፍ አልወጣችም ነበር፤ ከተማው ባዶ ሲሆን ማን ምን እንደሚሠራ ማን ይጠብቅ? አንድ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ከአፍታ በኋላ የወደብ ዘበኞቹን፣ ዓሣ አጥማጆቹን፣ ጦርና ጠመንጃ የያዘውን ሁሉ ሰብስባ መጣች።

«አላልኩም? ከሦስቱ አንዱ አላልኩም?»

አዴር ሱብዲ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከሽርጡ ውሃ ይንጠባጠባል።

«አዴር ሱብዲ፣ ከበሩ ዞር በል፤ ጅብ ነው» አለ ሽማግሌው ዘበኛ።

«ጅብ ናት። እንግዳዬ ናት። ቤቴ ገብታ ጥላዬ ሥር ያለች ናት። የሚነካት ካለ መጀመሪያ እኔን ይግደል።» ቀጥሎም «ይቻለው እንደሆነ» አለ።

ሰዎቹ ተያዩ። እኛ ዘንድ ከለላ የገባን ሰው ከደጃፍ ነጥቆ መግደል ለሰባት ትውልድ የሚዘፈን ነውር ነው። ከለላ የገባ ጅብ ግን ያጋጠመው የለም።

«ጅብ እንግዳ ይሆናል እንዴ?» አለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ።

«አማትህስ ሆና የለም?» አለው ሌላው። ሳቁ፤ ሳቁ ጠመንጃውን ትንሽ ዝቅ አደረገው።

ሽማግሌው «እስከ አስር ሶላት፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ» አለ። «ከተማው ውስጥ እንዳናያት። ከዚያ በኋላ ከለላህን አላየንም፣ አልሰማንም።»

ወደ በረሃው ብትወጣ በጥይት ይጠብቋታል። የቀረው ባሕሩ ነው። አዴር ሱብዲ ያን ጊዜ ያደረገውን ያየነው እኔና ሬዲዮ ብቻ ነን። ለኸሪፍ ከተዘጋው የጀልባ መጠለያ አንዲት ጀልባ ጎትቶ አወጣ። የባሕሩን ጫፍ እንኳ ሲረግጥ አይቼው የማላውቅ ሰው፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጅቧን አንሥቶ አሳፈራት። ባሕሩ ነጭ ነበር። እጄን በሬዲዮ እጅ ላይ አደረገና፦

«ጠምቷት እንዳታድር» አላት።

«ወዴት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

«ማይድ። ተራራው ባሕሩን የሚነካበት። እዚያ የምታገኘው ሰው አላት።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሊነግረኝ አፉን ከፈተ። ሬዲዮ ጆሮዋን አስጠጋች። አያትና አፉን ዘጋ። «ደህና ሁኚ፣ ምላሰኛ።»

ጀልባዋ ስትነሣ ጅቧ ወደ እኔ ዞራ ቆማ ነበር፤ ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው። እኔም በአሸዋው ላይ ሮጥኩ፤ ነፋሱን በልጬ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ ኮርቼም ጭምር ጮኽኩ።

«ሺርዋ! ሺርዋ! ኤዶዬን ትተፋለህ!»

ጆሮዎቿ ወደቁ። በዚያ ኸሪፍ ማይድ የደረሰች ጀልባ የለችም።

ብዙ ሳይቆይ፣ ጀንበር ከፍ እንዳለች፣ አዋራ ለብሶ ሺርዋ መጣ። ብብቱ ሥር አዲስ የተቆረጠ የወይራ ዱላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሬዲዮ ዱላውን ስታይ «ያውላችሁ! ተሽቶ ሰው ሆኖ መጣ! ዱላውን ይዞ!» ብላ የብረት ድስቷን አነሣች። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ተሸሽጌ «በላት! እሱ ነው የበላት!» አልኩ። ሺርዋ አንድ ነገር ሊለኝ እጁን ዘረጋ፤ ድስቱ ትከሻው ላይ አረፈ፤ እንደ ተቃጠለ ሰው ጮኾ ጠፋ።

ያደግኩት ሬዲዮ ቤት ነው። ደግ ሴት ነበረች፤ ወሬዋን ለውጣ «ከሦስቱ አንዱ ነው ብዬ ነበር፤ ያን ባለካልሲ እኮ ጠርጥሬው ነበር» እስክትሞት ትል ነበር። ማንበብ የተማርኩት ዓሣዋን ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ለማንም ውለታ የለብኝም። ጦርነቱ ሲመጣ ከሰው ጋር ጅግጅጋ ገባሁ።

ሺርዋን ያገኘሁት እዚያ ገበያ ውስጥ ነው። ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ ይሸጣል፤ ሁሉም ፕላስቲክ፣ አንድ ምስማር እንኳ የለበትም። ካልሲው ያው ነው። እኔ ልጅነቴን ጨርሻለሁ፣ እሱ አንድ ቀን አላረጀም። ቆሜ ሳየው ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው።

«ምላሰኛዋ» አለ። «ድስት ይዘሻል?»

አልያዝኩም ነበር። ባልዲ ገልብጦ አስቀመጠኝና እስከ ማርፈጃው አወራን። ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ የነገረኝ ያን ቀን ነው፤ የሱብዲን፣ የእናቴን፣ የዱላዋን፣ ያቺ ጅብ ማን እንደነበረች። እኔም ብዙ አላለቀስኩም፤ የገበያ መሀል ነው። አንዲት ሴት መጥታ በሳፋ ዋጋ ተከራከረችውና አሸነፈችው፤ እንደ ልማዱ።

ልሄድ ስነሣ ሳፋ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እየጠቀለለ፣ ትዝ ያለውን ጨዋታ እንደሚጫወት ሰው፦

«ያ ሁሉ ሩጫዬ ግን ለከንቱ ነበር እኮ» አለ። «ማይድ ላይ ዱላውን የምትቆርጠዋ አሮጊት ሳቀችብኝ። ‹ዱላው ማንም ለሌለው ነው› አለችኝ። ‹ከእጇ በልቶ ያደገ ሰው ካላት፣ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ በስሟ ቢጠራት ሰው ሆና ትነሣለች።› ሱብዲ ሙት ነው፣ ከእጇ በልቶ አያውቅም፣ የእሱ ጥሪ አይሠራም። እኔ ግን ይህን ስሰማ ልቤ ዐረፈ። ያቺ ምላሰኛ እዚያው አለች፣ እስካሁን ስንት ጊዜ ጠርታት ይሆን እያልኩ፣ መንገዱን ሙሉ እየሳቅኩ ነው የመጣሁት።»